ሰባት ኪሎ ቤዝ፣ ሃያ ኪሎ ሞንታርቦ

ለዕረፍት ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ «ለመዝሙር ክፍላችሁ ምን ይዤላችሁ ልምጣ?» ሲላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ድሮ መልሱ አንድ ነበር፤ ኪቦርድ። ቀጥሎ ገመድ አልባ ማይክ መጣ። አሁን ደግሞ ወጣቶቻችን በስልካቸው ከሚያዩት የውጭ መድረክ አዲስ ምኞት ቀስመዋል፦ ሆድ የሌለው፣ ቀጭንና ረጅም፣ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቆም ባለ አራት ክር መሣሪያ። ስሙን ያላወቀ «ያ ምሰሶ የሚመስለው» ይለዋል። ኤሌክትሪክ የቁም ቤዝ ነው። ሻጮቹ ለተጓዥ ሙዚቀኛ የተሠራ፣ ቀላል፣ የትም የሚሄድ መሣሪያ እያሉ ያስተዋውቁታል።

እስኪ ይህን «የትም» የሚለውን ቃል እንመርምረው። ከጣርማበር ዋሻ በታች፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬና ካራቆሬ ያለውን የይፋት ቆላ ይጨምራል? ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ ተነሥቶ፣ በሚኒባስ ተጉዞ፣ እሁድ ጠዋት በቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚያገለግል ቡድን ቢይዘው ይጠቅመዋል? ወይስ ፎቶ ላይ የሚያምር ሸክም ይሆንበታል?

ፍርዱ ከመምጣቱ በፊት ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንይ። አባቱ ደብል ቤዝ ነው፤ በኦርኬስትራና በጃዝ ቡድን ውስጥ ሰው ቆሞ እንደ ትልቅ ወንድሙ አቅፎ የሚጫወተው። ቁመቱ ወደ 1.80 ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ 10 ኪሎ ግድም ነው። ክብደቱ ያን ያህል አያስፈራም፤ አንድ እንስራ ውኃ ይበልጠዋል። የሚያስቸግረው ስፋቱ ነው፤ ሆዱ ባዶ ሣጥን ስለሆነ ሚኒባስ ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ይፈልጋል፤ ፖርቶመጋላ ላይ ቢታሰር ደግሞ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል።

ይህን ችግር ለመፍታት የተሞከረው ዛሬ አይደለም። ሪከንባከር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሆድ የሌለው የቁም ቤዝ ሠርቶ ነበር። በ1946 ኤቨረት ኸል የተባለ ቤዝ ተጫዋች ደብል ቤዙ መሬት ላይ በሚቆምበት እግር በኩል ማይክ ወደ ሆዱ አስገባ፤ አምፔግ የሚባለው የድምፅ ማጉያ ድርጅት ስሙን ያገኘው ከዚያች እግር ነው። በ1951 ሊዮ ፌንደር ዛሬ ሁላችሁም የምታውቁትን ቤዝ ጊታር አወጣ። በ1962 ደግሞ አምፔግ «ቤቢ ቤዝ» የተባለውን የፕላስቲክ አካል ያለው ትንሽ የቁም ቤዝ ለገበያ አቀረበ፤ የኒውዮርክ የላቲን ሙዚቃ ቡድኖች ያዙት፣ እስከ ዛሬም አልለቀቁትም። ከዚያ ወዲህ ኔድ ስታይንበርገር የተባለው ንድፍ ሠሪ በሦስት እግር የሚቆሙትን ቀጫጭኖቹን፣ ያማሃም «ሳይለንት ቤዝ» ያለውን አመጡ። የያማሃው ወደ 7 ኪሎ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሁለት ሰዎች ለአንድ እሮሮ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። ፌንደር ክሩን አሳጠረ፤ የደብል ቤዝ ክር ከድልድዩ እስከ አንገቱ ጫፍ 105 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የእርሱ 86 ነው። መሣሪያውን አጋደመው፤ አንገቱ ላይም ፍሬት ደረደረበት፤ ጣት የት እንደሚያርፍ ብረቱ ይወስናል። የቁም ኤሌክትሪኩ ግን ክሩን እንዳለ ትቶ ሆዱን ጣለው። ፍሬት የለውም፤ አንገቱ ልሙጥ ነው፤ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው የተጫዋቹ ጆሮ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ለእኛ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። የምንዘምረው በቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ከምንላቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱ የጎረቤቶቻችንን ስም የያዙ ናቸው፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን የሚወስደው አስፋልት ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ሲደርስ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ ባቲ፣ ደሴን አልፎ ቢቀጥል የአምባሰል አገር ይገኛል። የአገራችን ዘማሪ ደግሞ አንድን ድምፅ ቀጥ አድርጎ አይዝም፤ ከታች ያነሣዋል፣ ያወዛውዘዋል፣ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። አንቺ ሆዬን በኪቦርድ ተጫውታችሁ «ትክክል ነው ግን ልክ አይደለም» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ኪቦርዱም ባለ ፍሬቱ ቤዝ ጊታርም ድምፁን በእኩል በተከፋፈለ መሰላል ላይ ስለሚያስቀምጡት ነው። ልሙጥ አንገት ያለው ቤዝ ግን ዘማሪዋ ዝቅ ስትል ዝቅ፣ ከፍ ስትል ከፍ ማለት ይችላል። ከሥር ሆኖ ይከተላታል።

ሌላም አለ። የቁም ቤዝ ክር በጣት ሲመታ ድምፁ በ«ዱም» ይጀምርና ቶሎ ይከስማል። በዚያ በሚከስምበት ክፍተት ውስጥ ከበሮውና ጭብጨባው ይገባሉ፣ እልልታውም ቦታ ያገኛል። የኪቦርድ ግራ እጅ ቤዝ ግን ጣት እስካልተነሣ ድረስ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። የጉባኤ መዝሙራችን በጭብጨባ የሚሄድ በመሆኑ ቦታ የሚለቅ ቤዝ ያስፈልገዋል።

ስለ ኪቦርዱ ግን ፍትሐዊ ልሁን። በአገራችን ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሙሉ ባንድ እየቀረ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ነፋሱንም የሚጫወትበት ዘመን መጣ፤ የመዝሙር ካሴቶቻችንም በዚያው መንገድ ሄዱ። ርካሽ ነበር፣ ፈጣን ነበር፣ አንድ ሰው ተሸክሞት ገጠር ይገባል። ብዙ አጥቢያ ያለ እርሱ መዝሙር ክፍል አይኖረውም ነበር። ዋጋው ግን ተከፍሏል። ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ስንት ጊዜ ሰው የተጫወተውን ቤዝ በአካል ሰምቷል? ብዙዎቻችን ቤዝ የምንለው አንድ ቁልፍ ሲነካ ማሽኑ ራሱ የሚደጋግመውን ነው። ማሽኑ መዝሙሩን አይሰማም፤ ኮርዱን ብቻ ያነባል። አምልኮ መሪው በጸሎት መካከል ቀስ ሲል ማሽኑ ቀስ አይልም።

ሰው የተጫወተውን ለመስማት የሚፈልግ በ1980ዎቹ ካሴቶች ላይ የሮሃ ባንድን ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮን ያድምጥ። በቦስተን በርክሊ የተማረውን፣ በአዲስ አበባ የጃዝአምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራቾች አንዱ የሆነውን ሄኖክ ተመስገንንም ያድምጥ። ዓለማዊ ነው ብላችሁ እንደምትሸሹ አውቃለሁ፤ እኔ ስለ ግጥሙ አልተናገርሁም። ከሥር ያለውን ሰው ብቻ ተከተሉት፤ መቼ እንደሚጫወት ሳይሆን መቼ እንደሚተው ቁጠሩ።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰው 1,300 ሜትር ግድም ላይ ይሆናል። ጋቢ የለበሰው ገበሬ ከኋላ ቀርቶ ማንጎ ሻጩ መጥቷል። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንጨት ምን ይሆናል? ደብል ቤዝ ከቀጫጭን ሳንቃዎች በሙጫ የተጣበቀ ነው። ደረቅ ሙቀት ሲያገኘው እንጨቱ ይኮማተራል፣ ስፌቱ ይላቀቃል፣ አንዳንዴም ሆዱ ይሰነጠቃል። ጥሩ ጠጋኝ ለማግኘት ደግሞ ተመልሶ ያንኑ ዳገት መውጣት ነው። ድፍን አካል ያለው ኤሌክትሪኩ እዚህ ላይ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። ክሮቹ በሙቀት ላላ ስለሚሉ ቅኝቱ ዝቅ ይላል፤ ያ ግን ጠምዝዘው የሚያስተካክሉት ነገር ነው። ከሸዋ ሮቢት በታች ለሚያገለግል ቡድን በእንጨት የተሠራ ደብል ቤዝ አምጡ የሚል ሰው ቆላውን አያውቀውም።

ስለ መጓጓዙስ? ግማሽ እውነት ነው። ሆዱ ተጥሏል፤ ክሩ ግን አላጠረም። 105 ሴንቲ ሜትር ክር ይዞ፣ ከላይ መቃኛው ከታች እግሩ ሲጨመርበት፣ ከነማኅደሩ ከአንድ ሜትር ከሠላሳ በላይ የሚሆን ነገር ነው። በአውሮፕላን ለሚያመጣው ዘመድ ይህን ንገሩት፤ 23 ኪሎ የሚለውን ወሰን በቀላሉ ያልፋል፤ የሻንጣው ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ይሁን የሚለው ግን ሊይዘው ይችላል፤ ተጨማሪ ያስከፍለዋል። ባጃጅ ውስጥ በሰያፍ ይገባል። ሚኒባስ ውስጥ ከወንበር ሥር አይገባም፤ በሰው ጉልበት ላይ ይጋደማል። እሁድ ደግሞ የሰንበቴ ገበያ ነውና በዚያ መንገድ ጉልበቱን የሚያበድራችሁ ተሳፋሪ ብዙ አታገኙም።

«ቀላል» የሚለው ቃል በዚህ አገር ሌላ ክብደትም አለው። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ፣ ሰው በትከሻውና በጀርባው የቻለውን ይዞ ወጣ። ከእናንተ መካከል በዚያ መንገድ የሄዳችሁ አላችሁ። ልጅ ታዝሎ ሞንታርቦ አይሸከሙም። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ መሣሪያ ስንመርጥ አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶት መሄድ ይችላል ወይ ብለን መጠየቃችን ቅንጦት አይደለም። በዚህ መለኪያ የቁም ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ አብሮት የሚሄደው ነገር ግን አያልፍም።

ዋናው ነቀፌታዬም እዚያ ላይ ነው። የቤዝ ዝቅተኛው ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ያ ድምፅ በአየር ውስጥ ሲሄድ የአንዱ ሞገድ ርዝመት በቆላ ሙቀት ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ ከብዙ የገጠር አዳራሾች ወርድ የሚተናነስ አይደለም። ይህን ያህል አየር የሚገፋ ትልቅ ስፒከር ያስፈልጋል፤ ጆሮአችንም ለዝቅተኛ ድምፅ ደካማ ስለሆነ ከዘማሪው ድምፅ ጋር እኩል እንዲሰማ ብዙ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። አብዛኛው አጥቢያ ያለው ምንድን ነው? ለስብከት የተገዛ ሆርን ስፒከር። ሆርን ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ብዙም አያወጣም። ከውጭ የመጣውን ውድ ቤዝ በሆርን ብትለቁት ጉባኤው የሚሰማው የጣት ጫጫታ ነው፤ ጭራ እንጂ በሬው የለም። በስልካችሁ ስታዩት ያማረባችሁም ቤዙ ራሱ አይደለም፤ የስልክ ስፒከር ያን ድምፅ አያወጣውም። ጆሮአችሁ ከላይ ካሉት ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን ይሞላላችኋል፤ የተቀረውን ዓይናችሁ ይጨምርበታል።

እንግዲህ ደምሩት። ቤዙ 7 ኪሎ። ቤዝ የሚችል ሞንታርቦ፣ ባለ 15 ኢንቹ፣ ወደ 20 ኪሎ። መብራት ከሌለ ጀነሬተር፣ ነዳጅ፣ ገመድ። መብራቱ በአምልኮ መካከል ከሄደስ? ደብል ቤዝ ያለ መብራት ይናገራል፤ ክራርም ከበሮም ይናገራሉ። ኤሌክትሪኩ ውስጥ ያለች ትንሽ ባትሪ የምታገለግለው ድምፁን ወደ ገመዱ ለማድረስ ብቻ ነው። ሞንታርቦው ከጠፋ በእጃችሁ የቀረው ክር ያለው ምሰሶ ነው።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 7 የማደሪያውን ድንኳን ዕቃ ለሚያጓጉዙ ሌዋውያን ስድስት ሰረገላና አሥራ ሁለት በሬ እንደ ተሰጠ ታስታውሳላችሁ። ለጌድሶን ልጆች ሁለት ሰረገላ፣ ለሜራሪ ልጆች አራት፤ የቀዓት ልጆች ግን ምንም አልተሰጣቸውም፤ የያዙት በትከሻ የሚሄድ ነበርና። ሳንቃውንና ምሰሶውን ለተሸከመ ሰረገላ ተሰጥቶታል። የእኛ መዝሙር ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሜራሪን ሸክም በቀዓት ትከሻ እንጭናለን፤ ዕቃ ይገዛል፣ የመጓጓዣው ግን አይታሰብም። ዘመዳችሁ መሣሪያውን ሲያመጣ ሰረገላው ከማን ይመጣል?

ስለ ድምፁ ጣዕም ደግሞ። ሆድ የሌለው ቤዝ ድምፁን የሚያነሣው ከድልድዩ ሥር በተቀመጠች ትንሽ ማይክ ነው። ጥርት ያለ ነው፣ ግን ከሳ ይላል፤ በአፍንጫ እንደሚናገር ሰው። የጎደለው የሆዱ ትንፋሽ ነው። በአገራችን ዝቅ ያለ ድምፅ ምን ያህል ሥጋ ሊኖረው እንደሚችል ለማወቅ በገናን መስማት ይበቃል። አሥር አውታር፣ በቆዳ የተሸፈነ ትልቅ ሣጥን፤ በክሩና በድልድዩ መካከል የገባችው ቁራጭ ቆዳ ናት ያን የሚነዝር ድምፅ የምትሰጠው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ይደረደራል፤ እኛ ዘንድ ብዙም አልገባም። መዝሙር 33 ስለ አሥር አውታሩ መሣሪያ ሲናገር እያነበብን ጆሮአችን ግን ባዕድ ሆኖበታል። እንዋሰው አልልም፤ አንድ ጊዜ ተቀምጣችሁ አድምጡት ነው የምለው። ከዚያ በኋላ የቁም ኤሌክትሪኩን ስትሰሙ የጎደለውን ታውቁታላችሁ።

አንድ የአገር ቤት ዘመድ አለ፤ ቤዝ ክራር። የባህል ባንዶች የሚይዙት፣ ተለቅ ያለ፣ ወፍራም ክር ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚጎላ ክራር ነው። ክራር መብራት ካገኘ ምን ያህል እንደሚደፍር መስማት ከፈለጋችሁ መቀመጫው ለንደን የሆነው ክራር ኮሌክቲቭ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን አልበም ፈልጉ። ቤዝ ክራር አጭር ነው፣ በአንድ ትከሻ ይንጠለጠላል፣ ቢሰበር የሚጠግነው ሰው በአገር ውስጥ አለ። ቅኝቱ ከዘማሪዋ ጋር ይስማማል፤ ለእርሷ ነውና የተቃኘው። ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል። የሚመታው ክፍት ክር ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ድምፅ አለው፣ በቃ። ከትዝታ ወደ ባቲ ስትሸጋገሩ ተጫዋቹ ቆሞ እንደ ገና ይቃኛል። ሦስት መዝሙር አያይዞ የሚመራ አምልኮ መሪ ይህን አይታገሥም። የታገሠ ግን መዝሙሮቹን በቅኝት አቧድኖ መምራት ይማራል፤ ያ ደግሞ ጉዳት አይደለም።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ነገር አልረሳሁም። በደርግ ዘመን ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት በታሰረበት ወቅት የወጡት መዝሙሮች ቤዝም ሞንታርቦም አልነበራቸውም፤ እስከ ዛሬ ይዘመራሉ። ቤዝ ከሌለ አምልኮ የለም የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይደለም። የእኔ ጥያቄ ጠባብ ነው፤ ገንዘብ ካለ፣ ዘመድ ካለ፣ የሻንጣ ቦታ ካለ በምን እንሙላው?

ለዘመዳችሁ የምትመልሱት መልስ የእኔ ቢሆን ይህ ነው። መጀመሪያ አንድ ደህና ባለ 15 ኢንች ሞንታርቦ ከአዲስ አበባ ይገዛ፤ ከውጭ አይምጣ፣ ቢበላሽ የሚጠገነው እዚህ ነውና። ቀጥሎ ፍሬት የሌለው ቤዝ ጊታር ይምጣ፤ 4 ኪሎ ግድም ነው፣ በጀርባ ይታዘላል፣ ከቅኝቱ ጋር ይስማማል፣ የቁም ኤሌክትሪኩ ከሚሰጠው አብዛኛውን ይሰጣል። በመካከላችሁ በዚያ ልሙጥ አንገት ላይ ሁለት ዓመት ሠርቶ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን የሚያገኝ ልጅ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ የቁሙን አምጡለት፤ ይገባዋል። እርሱ ሳይኖር ከመጣ ግን በሦስተኛው ወር አዳራሹ ጥግ ላይ ቆሞ ኮት ይሰቀልበታል።

ሲመጣም ዘመዳችሁ ሁለት ትርፍ የክር ስብስብ ሻንጣው ውስጥ ይጨምር። የቁም ቤዝ ክር በሸዋ ሮቢት ገበያ አይሸጥም፤ የቤዝ ጊታር ክርም ለዚያ ርዝመት አይደርስም።